ሌሊት የአራሶቹን መብራት አጥፉልን፦ ለወሊድ ክፍል ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ ሥራ አስኪያጆች፣
ለወሊድ ክፍል አስተባባሪዎችና ለሜትሮኖች (ለነርሶች ኃላፊዎች)፣
ለሕንፃ ጥገና ክፍሎች፣

ጉዳዩ፦ በአራሶች ክፍል ሌሊቱን ሙሉ የሚበራውን የጣሪያ መብራት ይመለከታል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛው ተራዬ ሌሊት ነው። የምጠይቀው ነገር አጭር ስለሆነ ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ወልደው የተኙ እናቶች ባሉበት ክፍል የጣሪያው መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይጥፋ። በየአልጋው ለብቻው የሚበራ የራስጌ መብራት ይደረግ። ሌሊት የግድ መሠራት ያለባቸው ሥራዎች ተሰብስበው በአንድ ዙር ይሠሩ፤ የሚያድሩት ለጠዋት ይደሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክንያቱን ነው። ምክንያቱን መጻፍ ያስፈለገኝ ደግሞ "መብራት አጥፉ" ባልኩ ቁጥር ሰዉ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ የማወራ ስለሚመስለው ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ስምንት አልጋ ያለው ክፍል እንውሰድ። ማብሪያ ማጥፊያው በሩ አጠገብ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ሲጫኑት የክፍሉ ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች በሙሉ ይበራሉ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ስድስተኛው አልጋ ላይ ያለችውን፣ በኦፕራሲዮን የወለደችውን እናት የደም ግፊት ለመለካት አንዷ ተረኛ ትገባለች። ክፍሉ ቦግ ይላል። ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለችው እናት አጥብታ፣ ልጇን አስገስታ፣ ዓይኗን ከድና ገና ሸለብ ሊያደርጋት ነበር። አንሶላውን ወደ ፊቷ ትስበዋለች። ብዙም ሳይቆይ የአንቲባዮቲክ ሰዓቷ የደረሰ ሌላ እናት አለች፤ እንደገና ቦግ። ከዚያ ከማዋለጃ ክፍል አዲስ እናት በስትሬቸር ትገባለች። 10 ሰዓት ላይ ጽዳት ይመጣል። 11 ሰዓት ላይ ለጠዋቱ ርክክብ የሁሉም ቫይታል ሳይን (የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት) ተለክቶ ካርድ ላይ መስፈር አለበት። አንዳንዱ ሌሊት ደግሞ ማብራት ማጥፋቱ ስለሚያሰለች መብራቱ እንደበራ ያድራል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የታዘዘውን ነው የሠራው። ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለችው እናት ግን ከ11 ሰዓቱ ልኬት በቀር ማንም ሳይነካት፣ ለእሷ የሚደረግ ሌላ ነገር ሳይኖር፣ አምስት ጊዜ ነቅታለች። ልጇ የቀሰቀሳት ለብቻው ይቆጠር።

ጠዋት ላይ "እንዴት አደርሽ?" ስትባል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" ትላለች። ምን ልትል ኖሯል?

አሁን ወደ ሰውነታችን ልግባ፤ የነገሩ ፍሬ እዚያ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ዓይን የተሰጠን ለማየት ብቻ ነው ብለን ተምረናል። ለረጅም ዘመን ሬቲና (ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚያርፍበት ስስ ንጣፍ) ላይ ብርሃን የሚቀበሉት ሁለት ዓይነት ሴሎች ብቻ እንደሆኑ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ሦስተኛ ዓይነት ብርሃን ተቀባይ መኖሩ በግልጽ ታወቀ። እነዚህ ሴሎች ሜላኖፕሲን የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ዋና ሥራቸው መልክ መለየት አይደለም፤ የሚለኩት የብርሃኑን መጠን ነው። ቀን ነው ወይስ ሌሊት የሚለውን ለአንጎል ይናገራሉ። በጣም የሚቀሰቅሳቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ብርሃን ነው። ነጭ የፍሎረሰንትና የኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ይህ ዓይነቱ ብርሃን በብዛት አላቸው። የሚገርመው፣ ምንም የማያዩ ዓይነ ስውራን መካከል እንኳ እነዚህ ሴሎች የተረፉላቸው ሰዎች ሰውነታቸው ቀንና ሌሊትን ይለያል።

ሴሎቹ መልእክታቸውን የሚያደርሱት አንጎል ሥር ላለ፣ 20,000 ያህል ነርቮች ላሉት ትንሽ ማዕከል ነው። የሰውነታችን ሰዓት የሚባለው እሱ ነው። ጨለማ መሆኑ ሲነገረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ ይፈቅዳል፤ ሰውነትም ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። ሌሊት ብርሃን ሲመጣ ሜላቶኒኑ ይቀንሳል፤ ሰዓቱም ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። አልፍሬድ ልዊና ባልደረቦቹ ደማቅ ብርሃን የሰውን ሜላቶኒን እንደሚያጠፋ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የተጠቀሙበት ብርሃን 2,500 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ስለነበር፣ የቤትና የሆስፒታል መብራት ያን ያህል ጉልበት የለውም ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲታሰብ ኖረ።

ያ ሐሳብ ዛሬ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 55 ጤነኛ ወጣቶችን በተለያየ የምሽት ብርሃን ለክተው ነበር። ሜላቶኒንን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ የበቃው 25 ሉክስ የማይሞላ ብርሃን ነው። ይህ ደብዘዝ ካለ ሳሎን አይበልጥም፤ መብራቱ ሙሉ በሙሉ የበራ የሕሙማን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከሁሉም ስስ የሆነው ሰው 6 ሉክስ በቅቶታል፤ ከሁሉም ጠንካራው 350 ሉክስ አስፈልጎታል። ከሃምሳ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። "እኔ መብራት በርቶም እንቅልፍ ይወስደኛል፣ እነሱ ምን ሆነው ነው?" የሚሉ የሥራ ባልደረቦቼ ይህችን ቁጥር ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል። የእኛ ዓይን የእነሱ ዓይን አይደለም።

ብርሃን ስሜትን የሚነካው እንቅልፍ በመንሳት ብቻ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ብርሃን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ጨለማ እየተፈራረቀባቸው ኖሩ። የእንቅልፋቸው ጠቅላላ መጠን ሳይቀንስ ድባቴ የሚመስል ጠባይ አሳዩ፤ መማርም ከበዳቸው። ሜላኖፕሲን ያላቸው ሴሎች የሌሏቸው አይጦች ግን ያ አልደረሰባቸውም። አይጥ ሰው አይደለም። በሰው በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪታንያ ከ86,000 በላይ ሰዎች እጃቸው ላይ ብርሃን መለኪያ አስረው የተገኘ ውጤት ታትሟል። ሌሊት ብዙ ብርሃን የሚያገኙት ሰዎች ላይ ድባቴ 30 በመቶ ያህል በልጦ ታየ። ቀን ብዙ ብርሃን የሚያገኙት ላይ ደግሞ 20 በመቶ ያህል አንሶ። እነዚህ በአብዛኛው በጎልማሳነትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አራሶች አይደሉም። ብርሃኑ ድባቴውን አመጣ ወይስ የተጨነቀ ሰው ሌሊት መብራት ያበራል የሚለውንም እንዲህ ያለ ጥናት አይቆርጥም። የማቀርበው ለጥንቃቄ በቂ ምክንያት ነው ብዬ ስለማምን ነው፤ ማጥፋቱ የሚያስከፍለን ዋጋ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አራስ ሴት ላይ ነገሩ ለምን ይከብዳል? እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በእርግዝናው ወራት ከፍ ብለው የነበሩት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖች በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን አካባቢ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ሆድ ይብሳቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። የማያልፍላቸውም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ 19.8 በመቶ ይደርሳል። ከችግሮቹ ዋናው ድባቴ ነው።

በዚሁ ጊዜ አዲሱ ሕፃን ገና የራሱ ሰዓት የለውም። ቀንና ሌሊትን መለየት የሚጀምረው ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ነው። እስከዚያው ከውጭ የሚያገኛቸው ምልክቶች የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ፣ የቤቱ ድምፅ፣ የእናቱም ወተት ናቸው። ሌሊት የሚጠባው ወተት ውስጥ ሜላቶኒን አለ፤ የቀኑ ወተት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እናትየዋ ሌሊቱን በደማቅ መብራት ሥር ስታድር የራሷ ሜላቶኒን እንደሚቀንስ ካወቅን፣ የወተቷስ ነገር አያሳስብም? ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ ይጠቁማሉ። ቀን ብርሃን ሌሊት ጨለማ ያገኙት ሕፃናት ሃያ አራት ሰዓት ደማቅ ብርሃን ሥር ከቆዩት ቀድመው ከሆስፒታል የመውጣት አዝማሚያ አሳይተዋል።

ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ድባቴ ይጠፋል እያልኩ ነው? አይደለም። ቀድሞ ድባቴ የነበረባት፣ ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ፣ የሚያግዛት የሌላት፣ ምጡ ያንገላታት፣ ያለፈ ልጇን የቀበረች ሴት ችግሯ አምፖል አይደለም። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) ያለባትን ሴት መድኃኒት በመጋረጃ መተካት አይቻልም። ይሁንና ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሆስፒታል ዛሬውኑ በእጁ ያለው የቱ ነው? ባሏን መለወጥ አንችልም፣ ያለፈ ታሪኳን መለወጥ አንችልም። ማብሪያ ማጥፊያው ግን እኛው በር አጠገብ ነው ያለው።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ግማሹን እኔም እጋራቸዋለሁ።

የመጀመሪያውና ከባዱ ደም ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ የደም መፍሰስ እናትን በፍጥነት ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በዚህ ጊዜ የደም መፍሰስን፣ የማሕፀን መኮማተርን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና ሙቀትን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ መከታተል ያዛል። ማንም ይህን በጨለማ ሥሩ አይልም። እንዲያውም እዚህ ላይ ከአንዳንድ የ"ቀይ መብራት" ደጋፊዎች ጋር አልስማማም። ሌሊቱን ቀይ አምፖል ብቻ አብርቶ ማደር ለሜላቶኒን ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በቀይ ብርሃን ሥር ግን ነጭ ፓድ ላይ ያለ ደም አይለይም። በቢጫ ብርሃን ሥር ደግሞ የሕፃን ቆዳ ቢጫ መሆኑ ይደበቃል። ከንፈሩ ሲጠቁርም ዘግይተን ነው የምናየው። ስለዚህ ለምርመራ ነጭ ብርሃን ያስፈልጋል። ብርሃኑ ግን የዚያች እናት አልጋ ላይ ብቻ ይብራ፤ ለምርመራው ያህል በርቶ ይጥፋ። በመጋረጃ የተከለለ አልጋ፣ አንገቱ የሚታጠፍ የራስጌ መብራት፣ ካልሆነም ደህና የእጅ ባትሪ ይበቃል። ፓዱን ማየት፣ ማሕፀኑን መዳበስ፣ ግፊቱን መለካት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለዚያ ሲባል ሰባት ሌሎች እናቶች መቀስቀስ የለባቸውም።

ሁለተኛው መውደቅ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም ደም የቀነሳት እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥታ ሽንት ቤት ስትሄድ ዞሮባት ልትወድቅ ትችላለች። ድቅድቅ ጨለማ ለእሷ አደጋ ነው። መልሱ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ መንገዱን ብቻ የሚያሳይ ደብዛዛ መብራት ነው። ዓይን ውስጥ አይገባም፣ እግር ግን ያያል።

ሦስተኛውን ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም፤ እኔ ልናገረው። የሌሊት ተረኛም ሰው ነው፤ በጨለማ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። መድኃኒት ስትቀዳ የተሳሳተች ነርስ ደግሞ መብራቱ ከሚያመጣው ጉዳት የከፋ ታደርሳለች። የመድኃኒቱና የካርዱ ጠረጴዛ ስለዚህ በደንብ ይብራ፤ ብርሃኑ ግን ወደ አልጋዎቹ እንዳይፈስ በመከለያ ወይም በበር ይለይ። ብዙ ቦታ ጠረጴዛው አልጋዎቹ መሐል ስለተቀመጠ ነው መብራቱ የሁሉም የሆነው። ጠረጴዛ ማንቀሳቀስ ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

ምን ያህል ብርሃን ይበቃል ለምትሉ፣ በመስኩ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የተስማሙበት ልኬት አለ። መለኪያው ተራው ሉክስ አይደለም፤ በሜላኖፕሲን ስሜት ተስተካክሎ ዓይን አጠገብ የሚለካ ነው። በዚያ ልኬት ቀን ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ቢበዛ 10፣ በእንቅልፍ ሰዓት ቢበዛ 1። ሌሊት ተነሥቶ ማየት ግድ ሲሆን ደግሞ ከ10 እንዳይበልጥ። ልኬቱ የወጣው በቀን ለሚውሉ ጤነኛ ጎልማሶች ነው፤ ለአራስ ክፍል መነሻ ይሆነናል እንጂ ሕግ አይደለም። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን ተመልከቱ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ወይም "ዴይላይት" የሚለው ለምርመራና ለጠረጴዛው ነው። 2700 ኬልቪን ወይም "ዋርም ዋይት" የሚለው ለማጥቢያና ለመተላለፊያ ነው። ዋርም ዋይትም ቢሆን ዓይን ላይ ቀጥታ ከተተኮረና ከደመቀ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ዝቅ ብሎ፣ ደብዝዞ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚሠራው።

ሥራን በአንድ ዙር መሰብሰብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነም ላስረዳ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንቲባዮቲክ ያላት እናት የደም ግፊቷ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ለምን ይለካል? ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይሁኑ። ደህና ያለች፣ አምጣ የወለደች፣ የመጀመሪያው ቀን ያለፈላት እናት 11 ሰዓት ላይ ቫይታል ሳይኗ የሚወሰደው ለእሷ ጤና ነው ወይስ ርክክቡ ላይ ካርዱ ባዶ እንዳይሆን? ጽዳቱ 10 ሰዓት ላይ የሚገባው ወለሉ በዚያ ሰዓት ስለሚቆሽሽ ነው? ልጁ ለመጥባት ሲነቃ ግን እናትየዋም ነቅታለች፤ የሚለካ ካለ ያኔ ይለካ። ያለፉትን ሌሊቶች የሥራ ሰዓቶች አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ብትዘረዝሯቸው ግማሹ ከሕክምና ይልቅ ከልማድ የመጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በዚህ እወራረዳለሁ።

ጩኸትም ተመሳሳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በሕሙማን ክፍል የሌሊት ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህ ሹክሹክታ ነው። መብራት ሲጠፋ የሰውም ድምፅ አብሮ ዝቅ እንደሚል ግን አይቻለሁ። በበራ ክፍል ውስጥ ማንም አያንሾካሹክም።

ቀኑን ደግሞ አንርሳው። የሰውነት ሰዓት ሌሊቱን የሚያውቀው ቀኑን በደንብ ሲያይ ነው። ብዙ የአራስ ክፍሎች ቀን መጋረጃቸው ተዘግቶ ሌሊት መብራታቸው ይበራል፤ ግልብጥ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ነው። ደመናማ ቀን እንኳ ውጭ ብዙ ሺህ ሉክስ አለ። ጠዋት መጋረጃው ይከፈት፤ መራመድ የምትችለው እናት ልጇን ታቅፋ መስኮት አጠገብ ትቀመጥ። የጠዋት ደማቅ ብርሃን እንደ ሕክምናም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የስዊዘርላንድ ሙከራ፣ ድባቴ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ለአምስት ሳምንት በየጠዋቱ ለአንድ ሰዓት 7,000 ሉክስ ብርሃን አገኙ፤ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ካገኙት የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ሙከራውን የጨረሱት 27 ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ትልቅ ማስረጃ ነው አልልም። ባይፖላር ያለባት ሴት ግን ደማቅ የብርሃን ሕክምና ያለ ሐኪም ክትትል አትጀምር፤ ስሜቷን ከልክ በላይ ሊያነሣው ይችላል።

እናቶቹ ከእኛ ጋር የሚቆዩት ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰላም ለወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት ቆይታ ይመክራል፤ ብዙዎቹ ከዚያ ብዙም አይዘገዩም። የቀረው ሌሊት ቤታቸው ነው። ስለዚህ ስንሸኛቸው ስለ እምብርት አያያዝና ስለ ክትባት ቀጠሮ የምንናገረውን ያህል ስለ ሌሊቱም ሁለት ዓረፍተ ነገር እንጨምር። ለሌሊት ማጥቢያ አንድ ደብዛዛ፣ ሞቅ ያለ ቀለም ያለው አምፖል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የጣሪያው መብራት አይብራ። ሶፋ ወይም ወንበር ላይ እያጠባች እንቅልፍ እንዳይወስዳት ትጠንቀቅ፤ ለሕፃኑ በጣም አደገኛው ቦታ እሱ ነው። ስልኩን በተመለከተ እናቶችን መቆጣት አልወድም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብቻዋን የምታጠባ ሴት ከሰው ጋር የሚያገናኛት ምናልባት እሱ ብቻ ነው። ብርሃኑን ዝቅ አድርጋ ከፊቷ ራቅ ብታደርገው ዓይኗ ውስጥ የሚገባው ብዙ አይደለም። የሚያቆያት ብርሃኑ ሳይሆን የምታነበው ነገር ነው፤ "ልጄ ለምን እንዲህ ይተነፍሳል" ብሎ መፈለግ የጀመረ ሰው እስኪነጋ አይተኛም።

ለአባትየውና ለቤተሰቡም የሚባል አለ። እናትየዋ በተከታታይ አራት አምስት ሰዓት የምትተኛበት አንድ ጊዜ በቀን ውስጥ ይፈለግላት። ካጠባች በኋላ ልጁን ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየር፣ አቅፎ ማስተኛት ጡት አይጠይቅም። የተቆራረጠ እንቅልፍ የተያያዘውን አይተካም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ በካርዳችን ላይ ይግባ። ከወሊድ በኋላ ያለን ድባቴ የሚለየው የኤድንበርግ መጠይቅ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አሥር ጥያቄ ነው፣ በጥቂት ደቂቃ ይሞላል፣ ከ30 ይታረማል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2022 መመሪያም ከወሊድ በኋላ የድባቴና የጭንቀት ምርመራ እንዲደረግ፣ ከምርመራው ጋር ሕክምናው እንዲኖር ይመክራል። በመጀመሪያው ሳምንትና በሁለተኛው ሳምንት ቀጠሮ፣ በስድስተኛው ሳምንትም መጠይቁ ይሞላ። ጊዜ ባይኖር እንኳ እኔ የማልተወው ጥያቄ አለ።

"እህቴ፣ ልጁ ሲተኛ አንቺን እንቅልፍ ይወስድሻል?"

አብዛኞቹ ይስቃሉ። "ሲስተር፣ ቆሜም ይወስደኛል" ይላሉ። ይህ ድካም ነው፤ የሚያሳስበኝ ሌላው መልስ ነው። "ልጁ ተኝቷል፣ እናቴ ይዛዋለች፣ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ልቤ ይመታል፤ አይመጣልኝም።" ይህች ሴት መጋረጃ አይበቃትም። መጠይቁን ትሙላ፣ ሐኪም ይያት፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ አይራቅ። መልሷ "እንቅልፍ አያስፈልገኝም፣ ምንም አይደክመኝም" ከሆነ፣ ንግግሯ ከፈጠነ፣ ያልነበረ ነገር ከሰማች ወይም ስለ ልጁ እንግዳ ነገር ከተናገረች ደግሞ ለነገ የማይተው ጉዳይ ነው። ድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ (ከወሊድ በኋላ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ከሺህ እናቶች አንድ ወይም ሁለት ላይ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጀምራል፤ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ይድናል። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ያላት እናት ብቻዋን አትተው።

ለጥገና ክፍሎች የምጠይቀው ይህን ነው። የሚቀጥለው የኤሌክትሪክ ሥራ ሲታዘዝ የአራስ ክፍሉ መብራት በየሁለት አልጋው በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይከፈል። እስከዚያው ከበሩ አጠገብ ያሉትን አምፖሎች ብቻ ትታችሁ ቀሪዎቹን ሌሊት የሚለይ መስመር መፍጠር ይቻል እንደሆነ መጥታችሁ እዩልን። ለሜትሮኖች፦ የሌሊት ሥራ ሰዓቶችን ለማስተካከል የሚደረግ ስብሰባ ላይ የሌሊት ተረኞች ይጠሩ፤ ስብሰባው ደግሞ እባካችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አይሁን፤ ያኔ እኛ ተኝተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሌሊት ተረኛ አዋላጅ ነርስ